የማክሰኞው ባሕር

ዊንተርስዋይክ ውስጥ ወይዘሮ አለይዳ ሩርዲንክ ዋና ያላስተማሩት ሰው ካለ፣ ወይ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው ወይ ገና አልተወለደም። ውሃ በየደጃፉ በሚያልፍበት አገር ልጅን ዋና ሳያስተምሩ ማሳደግ ነውር ነው። ፈተናውም ልብስ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ ነው፤ ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ሰው አውልቆ አይወድቅማ። አለይዳ ከገንዳው ዳር ረጅም ዘንግ ይዘው ይቆማሉ። ዘንጉን ከልጁ አፍንጫ ፊት ዝቅ ያደርጉለትና ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ሸሸት ያደርጉበታል።

“እዚሁ ነኝ፤ ግን አትይዘኝም!” ይሉታል።

ያለቀሰ አያባብሉም። ውሃ የጠጣ ልጅ ሲያገኙ “እንኳን ጠጣህ፤ ጣዕሙን አወቅኸው” ብለው ያልፋሉ። ስንቱ በልጅነቱ እንደ ጉድ ጠልቷቸዋል! ያው የጠላቸው ሁሉ ግን ሲያድግ የገዛ ልጁን እጅ ይዞ እሳቸው ዘንድ መጣ። ጡረታ ሲወጡ በተደረገላቸው ግብዣ ላይ አንድ የከተማው ትልቅ ሰው ተነሥቶ “እኔንም ገፍትረው ከተውኛል” ብሎ ሰዉን ሲያስቅ፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሡ “ገፍትሬ አላውቅም፤ አንተው ነህ የተንሸራተትከው” ብለው አረሙት።

ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከአንዲት ድመት ጋር፣ መጋረጃ በሌለው ትልቅ መስኮት ሥር ነው። እዚህ አገር እህት እህቷን ለመጠየቅ እንኳ ቀን ትቆርጣለች፤ አለይዳ ደግሞ ከሌላውም ይብሳሉ። ከሁለቱ ልጆቻቸው አንዱ ሳይናገር ብቅ ካለ በሩን ገርበብ አድርገው “ዛሬ ነበር እንዴ?” ይላሉ። ክፋት የለበትም። ያልተቀጠረ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ያልታሰበበት ነገር ነው።

ታናሿ ልጃቸው ያንቲን የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ያንቲን የአበባ ችግኝ መሸጫ ውስጥ የምትሠራ፣ ጸጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት ናት። እናቷ ቆሽታቸው ላይ ካንሰር እንዳለ ከታወቀ ወዲህ እየመጣች የምታደርገው ጠፍቷት ትቸገር ነበር። ሾርባ ብታመጣ አይበሉም። ቤት ላጽዳ ብትል “ምን ቆሽሾ?” ይሏታል። ስለዚህ አንድ እሑድ እናቷ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ “ባሕር ውሰጂኝ፤ ደርሶ መልስ፤ አዳር የለም” ሲሏት ደስታዋ ለከት አጣ። ቁጭ ብላ እቅዱን ማውጣት ጀመረች።

“ካትዋይክ ይሻላል፤ መኪና ማቆሚያው ከአሸዋው ቅርብ ነው” አለች።

“ካትዋይክ ይሁን።”

“ለነፋሱ የሚወጠረውን ሸራ እይዛለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስ። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ።”

“ዳቦ በአይብም ያዢ። አራት።”

“አንቺ አትበዪም እኮ፣ እማዬ።”

“ዳቦ ያልያዘ ሰው ባሕር ሄደ ይባላል እንዴ? ላየው ነው።”

ያንቲን ሳቀች። እናቷን እንዲህ ሲቀልዱ ከሰማች ቆይታለች። “ደግሞ አሸዋ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል፤ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ እገፋሻለሁ። እዚያ ሆነሽ ታይዋለሽ።”

“ለማየትማ ፎቶው አለኝ” አሉ አለይዳ። “ልገባ ነው።”

“የት?”

“ውስጡ ነዋ!”

ያንቲን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወሩ መስከረም ነው፤ የሰሜን ባሕር በመስከረም ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እናቷ ደግሞ ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ መደገፍ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ሰው ይታዘበናል፣ ጉንፋን ይይዝሻል፣ አብደሻል ብላ ሦስቱንም አከታትላ ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደሟት።

“ገብቼበት አላውቅም እኮ።”

“አንቺ? ባሕር?”

“መቼ ልግባ? እናንተ ትንንሽ እያላችሁ ስንሄድ እናንተን እጠብቃለሁ። ከተማሪዎቹ ጋር ስንሄድ እነሱን እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ ጫማዬን አውልቄ ዳር ቆሜ ጭንቅላት መቁጠር ነው ሥራዬ። ሰው ሁሉ ከውሃ ከወጣ በኋላ ደግሞ መሄጃ ሰዓት ይደርሳል። አሁን እኔ ልግባና አንቺ ዳር ቁሚልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ያንቲን የሕፃንነቷን ባሕር ለማስታወስ ሞከረች፤ እውነትም እናቷ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆመዋል እንጂ ሲዋኙ አይታ አታውቅም። ዋና ያስተማሩት ከተማ በሙሉ አንድ ቀን እንኳ “እርስዎስ?” ብሎ አልጠየቃቸውም። እሷም አልጠየቀችም። አፈረች።

“ይሁን፣ ትገቢያለሽ” አለች በመጨረሻ፣ ስልኳን አውጥታ የአየር ጠባዩን እያየች። “እንግዲያው ፀሐያማ ቀን መምረጥ አለብን። ማክሰኞ ዝናብና ነፋስ ነው። ረቡዕም ደመና ነው። ሐሙስ ግን ቁልጭ ያለ ፀሐይ ነው! ሐሙስ እንሂድ።”

“ማክሰኞ ነው የምንሄደው።”

“ማክሰኞ ዝናብ ነው እያልኩሽ?”

“ውሃ ውስጥ ልገባ ዝናብ ምን ያደርገኛል? ሐሙስ አይሆንም፤ ሐኪሟ ትመጣለች።”

“ደውዪና ቀኑን ታዛውርልሽ! ሐኪም ሁልጊዜ ይመጣል፤ ፀሐይ ግን…”

“ያንቲን።” አለይዳ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አራት አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት። “የምትመጣው ልትመረምረኝ አይደለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሞታለሁ። ተነጋግረን ጨርሰናል።”

“ዓርብ ማድረግ አይቻልም?” አለች ያንቲን።

እንዲህ ነው ያለችው። ዕድሜ ልኳን ቀን ስታዛውር የኖረች ሴት፣ አፏ እንደለመደው ተናገረ። ጆሮዋ የሰማው ከአፏ በኋላ ነው። የራሷ ቃል ተመልሶ ሲመታት ክው አለች፤ ስልኩ ከእጇ ወድቆ ወንበሩ ሥር ሲገባ እንኳ አላነሣችውም።

ነገሩ ዱብ ዕዳ ነው እንዳይባል፣ ያንቲን እናቷ መጠየቃቸውን ታውቃለች። እዚህ አገር መዳኛ የሌለው ሥቃይ የያዘው ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ ሌላ ሐኪምም መርምሮት፣ በሐኪም እጅ ማረፍ በሕግ ይችላል። በፀደይ፣ ከወራት በፊት ነግረዋታል፤ እሷም “ያንቺ ውሳኔ ነው” ብላ ራሷን ነቅንቃለች። በመጠየቅና በቀኑ መካከል ግን ሰፊ ሜዳ ያለ መስሏት ነበር። ሐሙስ! ሐሙስ ማለት የችግኝ ጭነት የሚመጣበት ቀን ነው። ሐሙስ ማለት ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ተራ ቀን እናት ትሞታለች?

“ዊልበርት ያውቃል?” አለች። ዊልበርት ወንድሟ ነው።

“ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ነገርኩት።”

“ባለፈው ሳምንት! ምን አለ?”

“‘እሺ እማዬ’ አለ። ከዚያ የሐሙሱን ስብሰባ ሰረዘ።”

ያንቲን ይህን ስትሰማ ከመጀመሪያው ይበልጥ ደነገጠች። ወንድሟ ትናንት ደውሎላት ስለ መኪናው ጎማ ሲያወራ ነበር እኮ! ጎማ!

“እኔስ? እኔ ጎረቤት ነኝ?”

“ጎረቤቴም ታውቃለች” አሉ አለይዳ። “ላንቺ ያልነገርኩሽ ትጮሂያለሽ ብዬ ነው።”

“አልጮህም!” ብላ ጮኸች።

ድመቷ ከመስኮቱ ዘላ ወረደች። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ድመቷን አዩ።

“ለምን በሚቀጥለው ወር አይሆንም?” አለች ያንቲን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ባሕሩ የት ይሄዳል? አንቺስ ዛሬ ደህና ነሽ። እየቀለድሽ ነው። ዳቦ እያዘዝሽ ነው።”

“ቀኑን ነው የምታዪኝ። ሌሊቱን አታውቂውም። አሁን እግሬ ያቆመኛል፤ ስምሽን አልሳትኩም። ይሄ ሳይሄድ ነው መሄድ የምፈልገው።” አለይዳ ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ገንዳ ዳር ሆነው “ክንድህን ዘርጋ” ሲሉ እንደነበረው ነው።

ከመሞት መሰንበት ብሎ የሚመክር ሽማግሌ እዚያ ቤት አልነበረም። ያንቲን ራሷ እምቢ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። የሰው ሕይወት የሰውየው ነው፣ የሌላውን ውሳኔ ማክበር ነው እየተባለች ነው ያደገችው፤ ያሏትም እኚሁ ፊቷ የተቀመጡት ሴት ናቸው። ማክሰኞ እንሂድ ካለች ሐሙስንም ተቀበለች ማለት ነው። አልሄድም ካለች ደግሞ እናቷ ባሕሩን ሳይገቡበት ይሞታሉ። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ጎንበስ ብላ ስልኳን ከወንበሩ ሥር ፈልጋ አወጣች፤ በሸሚዟ ጠረገችው፤ ከዚያም ደንበኛ እንደምታስተናግድ ሰው በጨዋ ድምፅ፣

“እሺ። ማክሰኞ” አለች።

ያንቲን ቀና ስትል እናቷ መልካቸው ነጭ ሆኗል። ጭናቸው ላይ ያጠፉትን ጨርቅ ፈቱት፤ መልሰው አጠፉት፤ እንደገና ፈቱት።

“ምን ሆንሽ? አመመሽ?”

“የለም።”

“እማዬ!”

“እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር” አሉ አለይዳ።

ያንቲን ጆሮዋን ማመን አቃታት። “እምቢ ብል ትተይው ነበር?”

“አልተወውም።”

“ታዲያ?”

“ሐኪሟ እሺ አለች። ሁለተኛው ሐኪም መጥቶ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝና እሺ አለ። ዊልበርት እሺ አለ። ጎረቤቴ ድመቷን እኔ እወስዳታለሁ አለች። ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሁሉም ያከብረኛል።” ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። “አንድ ሰው እንኳ አትሂጂ አላለኝም፣ ያንቲን! ያን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ አንድ ሰው እንኳ አይጠፋም?”

አለቀሱ። ባላቸው ሲቀበሩ ያላለቀሱ ሴት አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያንቲን እናቷ ሲያለቅሱ ምን እንደሚደረግ አታውቅም፤ አይታ አታውቅማ። ቆማ ቀረች። ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው ነገር ራሱ ወጣ።

“እምቢ” አለች።

አለይዳ ቀና አሉ።

“አትሄጂም። እምቢ! ሐሙስ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ምንም የለም! አልለቅሽም! ማን ፈቀደልሽ? እኔ አልፈቀድኩም!” ጠረጴዛውን ዞራ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከችና ወገባቸውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ቀጭን ነበሩ፤ ክንዷ ዞሮ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። መጋረጃ በሌለው መስኮት በኩል በብስክሌት የሚያልፍ ሰው ወደ ውስጥ አይቶ ቶሎ ፊቱን መለሰ።

“ድገሚው” አሉ አለይዳ።

“እምቢ አልኩ! እምቢ! እምቢ!”

“አዎ” ይሉ ነበር እናቷ የልጃቸውን የሸበተ ጸጉር በሁለት እጃቸው እየዳበሱ፣ “አዎ፣ እንደሱ፣ እንደሱ።”

ምን ያህል እንደቆዩ ሁለቱም አላወቁም። ድመቷ ተመልሳ መስኮቱ ላይ ወጥታለች። አለይዳ ፊታቸውን በጨርቁ ጠረጉና ለያንቲን አቀበሏት፤ እሷም በዚያው ጨርቅ አፍንጫዋን ጠረገች። ውጭ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ስለ ሐሙስ ማንም ቃል አልጨመረም፤ ያንቲን እምቢታዋ ምንም እንደማይለውጥ ታውቃለች፤ እናቷም እንደምታውቅ ያውቃሉ።

“ማክሰኞ እንግዲህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሣ” አሉ አለይዳ፣ ድምፃቸው ገና ሳይጠራ። “ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል።”

“እምቢ” አለች ያንቲን። “ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንነሣው። ቀኑ ይርዘምልን።”