አባቴን ታቅፌ የቆምኩበት ሚዛን

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ዓመት፣ አንድ ሥራ ተሳካልኝ፤ አስታማሚነት። ከቀበሌ ስብሰባ ያስቀራል፣ ያስከብራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተስማማኝ። ሽሮ ሜዳ ያሉ ዘመዶቻችን "ልጅ ማለት እንዲህ ነው" ሲሉ እኔ ትሑት መስዬ አንገቴን እደፋ ነበር። በዚያ ሰሞን አንገቴ ወፍሮ ለመድፋት ሁሉ አስቸግሮኝ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። አንጀቱ ተበስቶ ጉለሌ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሞቹ ይተርፋል ብለው አልጠበቁም። ቀዶ ጥገናው ተሳካና ነፍሱ ተመለሰች፤ ቁስሉ ግን አልዘጋ አለ። ሐኪሙ "አሁን የሚያድነው ምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ የሥጋ መረቅ ይብላ" አለን። እናቴ ሥጋ ፍለጋ ሰልፍ ለሰልፍ ስትንከራተት ከረመች። በየቀኑ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥላ ከሽሮ ሜዳ በእግሯ ትመጣለች። ዘበኛው ከአንድ አስታማሚ በላይ ስለማያስገባ ከበሩ ላይ እቀበላትና እገባለሁ።

አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን በልቶ አያውቅም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነው የያዘው። ክዳኑን ስከፍት "መጀመሪያ አንተ ቅመስ" ይለኛል። እቀምሳለሁ። "ያቺ እንቁላል ሳትቀዘቅዝ ብላት" ይለኛል። እበላታለሁ። ከዚያ ያጎርሰኛል። ጉርሻ አይመለስም፤ ያውም የታመመ አባት ጉርሻ። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል ስለሚባል፣ ከአባቴ ላለመጣላት ሦስትና አራት እጎርሳለሁ። እሱ ሁለት ማንኪያ መረቅ ቀምሶ "ጠገብኩ" ሲል፣ እኔ የእናቴ ድካም ከንቱ እንዳይቀር ዕቃውን አጸዳዋለሁ።

ባዶውን ስመልስላት "ጨረሰው?" ትለኛለች።

"አንዲት ፍርፋሪ አልቀረም" እላታለሁ። እሱስ እውነት ነበር።

አባቴ መቆም ስለማይችል የሚመዘነው በእኔ እቅፍ ነበር። መጀመሪያ እሱን ታቅፌ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤ ቀጥሎ እሱን አስተኝቼ ብቻዬን እወጣለሁ፤ ነርሷ ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ትቀንሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለታችንን ስትመዝነን ጠቋሚው የመጀመሪያው ቀን የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ።

"አልቀነሰም!" ብዬ ጮኽኩ።

"እስቲ አስተኛውና ብቻህን ውጣ" አለችኝ።

ወጣሁ። ጠቋሚውን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ ከዚያ ሱሪዬን አየች። የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ ካለኝ ሳምንት አልፎት ነበር። አባቴ የቀነሰው በሙሉ እኔ ላይ ተገኘ።

"አንተ እንኳን ድነሃል። ነገ መውጣት ትችላለህ" አለችኝ።

ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች። "የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?"

"ሸማኔ ነው፣ ሲስተር።"

"የማግ ክር ሳይኖረው መወርወሪያውን ሲያመላልስ ቢውል ጨርቅ ይወጣዋል?"

"አይወጣውም።"

"እኛም መርፌ እየወጋን ባዶ መወርወሪያ ነው የምናመላልሰው። ማጉን አንተ ትበላዋለህ። በዚህ ከቀጠለ አባትህን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ረሃብ ነው፤ ያውም ምግቡ ፊቱ ተቀምጦ።"

አፈርኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ እጅ በየቀኑ ወደ አፌ ሲመጣ እጁ መቅጠኑን አላየሁም፤ የማየው ጉርሻውን ነበር።

በማግስቱ "አልበላም፣ አንተ ብላ" ስለው እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። በጣም ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ፈልጌ አመጣሁና "እናቴ የእኔን ለብቻ ልካልኛለች" አልኩት። ጣሳውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እጄን እየከተትኩ ባዶ አፌን አኝክ ጀመር። ጋደም ብሎ ስለሚያየኝ የጣሳው ውስጥ አይታየውም ብዬ ነው። ለካ ተዋናይ ነበርኩ! "ጨው በዝቶበታል" ብዬ እስከማማረር ደረስኩ። አባቴ አየኝ፣ አየኝና ማንኪያውን አነሳ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እሱ የእውነቱን ይበላል፣ እኔ አየር አኝካለሁ። ሆዴ ሲጮህ "ቀስ ብለህ ብላ እንጂ" ይለኛል።

ቁስሉ ከዳርና ዳር መቀራረብ ጀመረ። ከሳምንታት በኋላ በእግሩ ቆሞ ብቻውን ተመዘነ፤ ሱሪዬም ተቆለፈ።

በምንወጣበት ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንቁላል እየላጠ "መንጋጋህ አልደከመም?" አለኝ።

"ከምኑ?"

"ባዶ ጣሳ ስታኝክ ከርመህ።"

የምገባበት ጠፋኝ። "ታዲያ መጀመሪያ ያን ሁሉ ጊዜ የራስህን ምግብ ለምን ታጎርሰኝ ነበር?" አልኩት።

"አልተርፍም ብዬ ነበራ። ለሚቀበር ሰው እንቁላል ምን ያደርግለታል? ለሚቀረው ይሁን አልኩ። በኋላ ግን አንተ ባዶ አፍህን ስታኝክ ሳይህ፣ ይሄ ልጅ እንድቀርለት ይፈልጋል ማለት ነው ብዬ በላሁ።"

እንቁላሉን ለሁለት ከፈለና ግማሹን አጎረሰኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ባዶ አፌን እንደዚያ ሳኝክ የኖርኩት ሰው፣ ያቺን ግማሽ እንቁላል ማኘክ አቃተኝ።