የእማዬ «ስለዚህ»

ዛሬ እማዬ ከጥያቄ አውጪው ጋር ተጣላች። እሱ በሌለበት።

ለማታውቋት፣ እናቴ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ዘንድሮ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በግል ልትፈተን ተመዝግባለች። እንግሊዝኛውን የማስጠናት እኔ ነኝ።

ዛሬ ያነበብነው ስለ አንድ ገበሬ ነው። ዝናቡ ጠፋ ይላል፤ ከዚያ ክፍት ቦታ አለ፤ ቀጥሎ ገበሬው ጥሩ ምርት አገኘ ይላል። ክፍት ቦታው ላይ «ዜርፎር» ይግባ ወይስ «ሀውኤቨር»? ማለትም «ስለዚህ» ወይስ «ነገር ግን»?

እማዬ ዓይኗን ሳታሽ «ስለዚህ» አለች።

«እንዴ! ዝናብ ሳይዘንብ?»

«ዝናብ ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ይጸልያል። ስለዚህ ምርቱን አገኘ።»

«እማ፣ ጸሎቱ ጽሑፉ ላይ የለማ!»

«እሱ የጸሐፊው ጥፋት ነው።»

(እስቲ እናንተ እሁድ እሁድ ቸርች ምስክርነት የምትሰጥ ሴት አስጠኑና እዩት።)

በስንት ክርክር ተስማማን። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ አይተን እንመርጣለን። ከዚያ በኋላ አስር ጥያቄ ሰጠኋት፤ አንድም አልሳተች! እልልታዋን የሰማ ጎረቤት ልጇን የዳረች መስሎት ይሆናል።

በመጨረሻ «አሁን የራስሽን ጻፊ» አልኳት። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ እማራለሁ።»

«ነገር ግን» ብዬ ላርም ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። የጻፈችውን ደግሜ አነበብኩና እስክሪብቶውን መልሼ ከደንኩት።

እናቱን ወይ አባቱን የሚያስጠና ካለ እስቲ ኮሜንት ላይ ያጫውተን። ለእማዬ አነብላታለሁ፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ።