«አድገሻል» የተባለችው ፈዲላ

ፈዲላ የሳሙና ነገር ያሳሰባት መጀመሪያ ሳሙና እጇን ስላቃጠላት ነው። ከሐይቅ መጥታ ቦሌ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትቀጠር ሃያ ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንሶላና ፎጣ ስታጥብ ውላ ማታ የእጇ ቆዳ ይላጥ ነበር። «ይሄን የሚሠራው ሰውዬ እጅ የለውም እንዴ?» እያለች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር። ሳሙናውን የሚያመጣውን ነጋዴ ግን በቀልድ አልለቀቀችውም። በመጣ ቁጥር እየጠየቀች፣ እየጠየቀች፣ ምን ከምን ጋር እንደሚደባለቅ አወጣጣችው።

በኋላ ከአራት ሴቶች ጋር ተደራጀች። የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በታች፣ መንግሥት ለተደራጁ ሰዎች ከሠራቸው የቆርቆሮ ሼዶች አንዱ ደረሳቸው። ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና መሥራት ጀመሩ። አንዷ አገባችና ሄደች፣ አንዷ ቤሩት ገባች፣ ሁለቱ ደግሞ «ይሄ ነገር አያወጣም» ብለው ተዉት። ፈዲላ ብቻ ቀረች። ድሮ አንሶላ ያጠበችበት ሆቴል አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ከእሷ ይገዛል። እሷና ልጇ ሊና የሚኖሩት በዚያች ዓርብ ነው።

ከጎኗ ያለው ሼድ የጋሽ በዳሳ ነው። በርና መስኮት ይበይዳሉ። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት የአባታቸው ማሳ ነበር። የት ጋ እንደነበር ሲጠየቁ፣ «ብሎክ መቶ አራት ላይ ጤፍ፣ መቶ ስድስት ላይ ሽምብራ» ይላሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አይታወቅም፤ ፊታቸው አይስቅም።

ሼዱ ከተሰጣት አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ቃልአብ የሚባለው ባለሙያ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሁሌም «ፈዲዬ» ነው የሚላት።

«ፈዲዬ፣ ሐሙስ መጥቼ እገመግምሻለሁ። ለሽግግር ታጭተሻል» አላት።

«ለምን?»

«ለሽግግር!» አለና ስልኩ ጠራ፤ እያወራ ሄደ።

ፈዲላ ቃሉን ይዛ ወደ ጋሽ በዳሳ ሮጠች።

«ጋሽ በዳሳ፣ ሽግግር ምን ማለት ነው?»

ጋሽ በዳሳ የብየዳ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ቃሉ ራሱ ይናገራል እኮ። መሻገር ነው። ከዚህ ጭቃ አሻግረው ጉርድ ሾላ አስፋልት ዳር ያስቀምጡሻል።»

«ሱቅ ይሰጡኛል?»

«ታዲያ ዝም ብለው ያሻግሩሻል? ሰፋ ያለ ነገር ነው የሚሰጡት። ግን ሥራሽ ትልቅ መስሎ መታየት አለበት። በአራት በርሜል ማን ያሻግርሻል!»

ለፈዲላ ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። በእነሱ አገር ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ቤት ባለው ብቻ አይጠብቅም። ከዚህም ከዚያም ምንጣፍ ይዋሳል፣ ሰሐን ይዋሳል፣ ማንም ነውር አይለውም። እሷም ረቡዕ ዞራ ከየሼዱ አምስት በርሜል ተዋሰች። ሁለቱ የጋሽ በዳሳ ነበሩ። ሁሉንም ውሃ ሞላቻቸውና ላያቸው ላይ ትንሽ ሳሙና መታ አረፋ አስነሳች። ዘጠኝ በርሜል ተደርድሮ ሲታይ ሼዱ እውነትም ፋብሪካ መሰለ። ራሷም ገረማት።

ሐሙስ ቃልአብ ታብሌቱን ይዞ መጣ። በርሜሎቹን ቆጠረ። ከዚያ የማደባለቂያውን ማሽን መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ስንት ተገዛ?»

«አሥራ ስምንት ሺህ።»

«አሁንስ ስንት ያወጣል?»

«ውይ፣ አሁንማ መቶ ሃያ ሺህ ገብቷል አሉ። ማን ይነካዋል!»

መቶ ሃያ ብሎ ጻፈ።

«እንዴ፣ እኔ እኮ በዚያ አልገዛሁትም» አለች።

«የሚጻፈው የዛሬው ዋጋ ነው። አሪፍ ነው፣ ፈዲዬ! ጎበዝ ነሽ።»

ጎበዝ ነሽ መባል ደስ ይላል። ክርክሩን ተወችው።

ከወር በኋላ አዳራሽ ተጠሩ። ስሟ ሲጠራ ሰው አጨበጨበ፣ ሰርተፊኬት ተሰጣት፣ ፎቶ ተነሳች። ሊና ሰርተፊኬቱን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለችውና፣ «እማ፣ አድገናል ማለት እኮ ነው። በቃ ጫማ ትገዢልኛለሽ» አለች። ፈዲላ ሳቀች። ጉርድ ሾላ ሱቅ ስትከፍት የትኛውን ቀለም በሩ ላይ እንደምትቀባ ሳይቀር አስባ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ድርጅትዎ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የተሸጋገረ በመሆኑ የያዙትን ሼድ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ» ይላል። ፈዲላ አነበበችው። ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ፖስታውን አራገፈችው፤ ሌላ ወረቀት የለም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሄደች።

«ቃልአብዬ፣ ይሄ ደብዳቤ አላለቀም። የምገባበትን ቦታ ረስታችሁታል።»

«የምትገቢበት?»

«የምሻገርበት።»

ቃልአብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ፈዲዬ፣ አድገሻል እኮ። ሼዱ ለጀማሪ ነው። ያደገ ሰው ራሱ ይከራያል።»

ፈዲላ ፊቷ ጋለ። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣኝ። አምስቱን በርሜል ተውሼ ነው። ውስጡም ውሃ ነው።»

«ምን?»

«ላዩ ብቻ ነው አረፋ።»

ቃልአብ ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ አፈረ። ታብሌቱን ከፍቶ አምስቱን በርሜል ቀነሰ። ድምሩን እንደገና አየ።

«ያለ እነሱም የጀማሪውን የካፒታል ጣሪያ አልፈሻል» አላት።

«ወላሂ አላደግኩም! ያኔ በሳምንት አሥር ጀሪካን እሠራ ነበር። አሁን ኬሚካሉ ተወዶብኝ ሰባት ነው የምሠራው። ከአሥር ወደ ሰባት ማደግ አለ?»

«ካፒታልሽ ግን ጨምሯል።»

«የጨመረው የማሽኑ ዋጋ ነው።»

«ማሽኑ የማን ነው?»

«የኔ።»

«እሺ፣ ታዲያ?»

ፈዲላ ታብሌቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ብሸጠውስ?» አለች።

«ብትሸጪውማ ብሩ ራሱ ካፒታል ነው።»

«እሺ፣ አላደግኩም ብዬ የምሞላው ፎርም ስጠኝ።»

«እንደዚያ የሚባል ፎርም የለንም።» ቃልአብ እሱም የጨነቀው ይመስላል። «ደግሞ ሼድ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፣ ፈዲዬ። ሁለት ዓመት ወረፋ ይዘው። አንቺስ ያኔ እንደነሱ አልነበርሽም?»

እውነቱን ነው። እዚሁ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የጠበቀችበት ጊዜ ትዝ አላት። ይሄ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባት። ቢያጭበረብራት ኖሮ ትጮህበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሥራዋ የሚሆን ቤት ፍለጋ ዞረች። ሲኤምሲ ከቪላዎቹ ጀርባ አንድ ጋራዥ አገኘች። የጋራዡ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ በረኪና ሲባሉ ገና አፍንጫቸውን ይዘው «ልጆች አሉኝ» አሉ። ጉርድ ሾላ ደግሞ ከሼዷ ግማሽ ለምታክል ክፍል የዓመት ኪራይ ቅድሚያ ጠየቋት። ደላላው፣ «እናት፣ ያለንበትን ዘመን አታውቂም?» አላት። አላወቀችም። እሱ የሚያውቀው ከሆነ ቢነግራት ደስ ባላት።

ጋሽ በዳሳ ይሄን ሁሉ ሰምተው ሁለት ቀን አላናገሯትም። በሦስተኛው ቀን መጡ።

«ያ ዋቃ! እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ። ግቢዬ ግቢ። ጥግ ላይ ቦታ አለ፣ ኪራይ አልፈልግም።»

ፈዲላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ግን ጋሽ በዳሳ፣ ንግድ ፈቃዱ አድራሻ ይፈልጋል። ውል ስንዋዋል ካርታ አምጡ ይሉናል። የግቢዎ ካርታ ወጣ?»

«ሂደት ላይ ነው።»

«ስንት ዓመቱ?»

«ዘጠኝ ዓመት።» ጋሽ በዳሳ ጢማቸውን አሻሹ። «አያቴም አባቴም እዚያ ነው የኖሩት። ግን እዚያ መኖሬን የሚያረጋግጥ ወረቀት ገና ነው።»

«ፈቃድ ከሌለኝ ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ ከሌለ ሆቴሉ አይገዛኝም።»

«እሺ፣ ዕቃው ይደር። ዕቃ ለማሳደር ካርታ የሚጠይቅ የለም።»

ሠላሳው ቀን ሲሞላ ማሽኑንና በርሜሎቹን ወደ ጋሽ በዳሳ ግቢ ጫኑ። ለሆቴሉ ደውላ «የዚህ ሳምንቱን አላደርስም» አለች። «የሚቀጥለውንስ?» አሏት። «እደውልላችኋለሁ» ብላ ዘጋች።

ቃልአብ የርክክቡን ቅጽ ይዞ ባዶው ሼድ ውስጥ ቆሟል። «የለቀቁበት ምክንያት» በሚለው ፊት «በማደጋቸው» ተብሎ ተጽፏል። ፈዲላ ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች። ቁልፉን ተራ የደረሳቸው ሦስት ሴቶች ተቀበሏት። ከሦስቱ ማራናታ የምትባለው ዙሪያውን እያየች በደስታ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፈዲላ ስትወጣ ተከትላ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ይቅርታ። እርስዎን ሞዴል ናቸው ብለው ነው የነገሩን። ምን አድርገው ነው ያደጉት? እኛም እንድናደርገው።»

ፈዲላ ልጅቷን አየቻት። እውነቱን ልትነግራት ፈለገች፣ ግን እውነቱ የቱ እንደሆነ አላወቀችም። ውሃ ሞላሁ ልትል ነው? ማሽኑ ተወደደ ልትል ነው?

«ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው» አለቻት። «ቀድማችሁ ሙሉ። ዝናብ ሲዘንብ በዚያኛው ጥግ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩት፣ ይነዝራል። ጓንት ደግሞ ሁልጊዜ አድርጉ፤ እጃችሁ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።»

«እሺ፣ እትዬ። ሌላስ?»

ፈዲላ ትንሽ አሰበች።

«ሌላ አላውቅም» አለች፣ «ወላሂ አላውቅም።»