ስምንት ጣት

ላሊበላ ውስጥ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል አራት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ሥራ የአስጎብኚዎች ተራ መያዣ ነው፤ ቱሪስት ሲመጣ ተራው የማን እንደሆነ በስልክ የሚያሳይ። እስከዚያ ድረስ ተራውን በደብተር የሚይዙት አንድ አንጋፋ አስጎብኚ ነበሩ።

የምንሠራው በስፕሪንት ነው። አንዱ ስፕሪንት ሁለት ሳምንት ነው፤ በገባበት ሰኞ ጠዋት ተቀምጠን በሁለቱ ሳምንት የምንጨርሰውን እንመርጣለን፣ የመረጥነውን በቢጫ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ይህን አሠራር የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ሁለት ሳምንት ማለት አሥር የሥራ ቀን ነው። እዚህ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ኔትወርክ የማይኖርበት አለ፣ ሄደው የማይቀሩበት ለቅሶ አለ። እኔ ግን ሁልጊዜ በአሥር ቀን ነበር የማቅደው። በሁለት ዙር ያቀድነውን ግማሹን እንኳ አልጨረስንም። ይህን የልጆቹ ስንፍና አድርጌ እቆጥረው ነበር። አፍ አውጥቼ ባልናገረውም ፊቴ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

ለሦስተኛው ዙር እቅድ አንጋፋውን አስጎብኚ ጋበዝኳቸው። ልጆቹ ባለጉዳይ ሲያያቸው ይበረታሉ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። በሰዓታቸው መጡ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉ።

የአንድ ሥራ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ የምንነጋገረው በጣት ነበር። እኔ እስከ ሦስት ስቆጥር ሁላችንም ባንዴ ጣታችንን እናነሳለን፤ ቀላሉ አንድ ነው፣ የመጨረሻው ከባድ አሥር። ባንዴ የሚነሳው አንዱ ሌላውን አይቶ እንዳይከተል ነው። ሦስተኛዋ ወረቀት «ተራ መቀያየር» ትላለች። እኔ ሁለት አነሳሁ። ሁለቱ ወንዶች ባልደረቦቼም ሁለት ሁለት አነሱ። የፍላቂት ከተማ ልጅ የሆነችው፣ ከሁላችንም ዝምተኛዋ ፕሮግራመር ግን ስምንት ጣት ይዛ ቀረች።

«ስምንት?» አልኳት። «የሁለት ሰው ስም ቦታ ማለዋወጥ እኮ ነው።»

«ተራ እንዴት እንደሚቀያየር አላውቅም» አለች። «አንተ ታውቃለህ?»

«አንዱ ለሌላው ይሰጣላ።»

«መቼ? ደግሞስ መልሶ ይወስደዋል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያስረዱን።»

«አየሽ ልጄ» አሉ፣ «ሰው የሞተበት አስጎብኚ እስከ ሠልስት ተራው ይጠብቀዋል፣ አይዘለልም። እንግዳው ጣሊያንኛ የሚፈልግ ከሆነ፣ ጣሊያንኛ የሚችለው ከኋላም ቢሆን ቀድሞ ይገባል፤ በማግስቱ ግን ለተዘለለው ይለቃል። ገነተ ማርያም እንግዳ ይዞ ሄዶ የመሸበት፣ የነገ ጠዋት ተራው አይቃጠልበትም። የተኳረፉም አሉ። ከእገሌ ተራ አልቀበልም ይላል፣ ያኔ መሃል እኔ እገባለሁ።»

«ይኼ ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ?» አልኳቸው።

«ደብተሩ ላይ ስም ነው ያለው። ይኼኛው እኔ ጋ ነው።»

እሷ እየጻፈች ነበር። እሳቸው የግድግዳውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲያነቡ ቆዩና ካርታ የሚለው ወረቀት ላይ ቆሙ። አብያተ ክርስቲያናቱንና መንገዶቹን የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ልጅቷ ሁለቱን ዙር ሙሉ የደከመችበት።

«ካርታው ለማን ነው?» አሉ።

«ለአስጎብኚው።»

«አስጎብኚው መንገዱ ይጠፋዋል እንዴ?»

ሊያሾፉብን አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ተነሥቼ የካርታውን ወረቀት ነቀልኩ። ቀጥሎም ሌሎቹን እየነቀልኩ «ተራ መቀያየር»ን ብቻ ተውኩ። ከዚያ በእርግጥ የምንሠራባቸው ቀናት ስንት እንደሆኑ ልጆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። አስልተው ሰባት አሉኝ።

ሽማግሌውን ሸኝቼ ስመለስ ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ካርታውን ያዘዝከኝ አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«አያስፈልግም ብዬህ ነበር። የመጀመሪያው ሰኞ ላይ።»

ትዝ አለኝ። «በኋላ እንነጋገርበታለን» ብያት ነበር፣ ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንበትም።

«ነግረሽኝ ነበር» አልኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ያን ዕለት አልወጣኝም። የወጣኝ ረቡዕ ነው፤ መብራት ጠፍቶ የላፕቶፖቹ ባትሪ ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱ ልጆች ለምሳ ወጥተው እኔና እሷ ብቻ ስንቀር። «እሺ» አለችኝና በወረቀት ላይ የምትስለውን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣነውም።

በሁለተኛው ዓርብ ሥራው አለቀ። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ለቅሶ ላይ ያለ አንድ አስጎብኚ አስገቡና ተራ ጠሩ። ስልኩ የሰውዬውን ተራ አላቃጠለበትም፤ ቦታውን ጠብቆለት ቀጣዩን ጠራ። እንደገና ሞከሩት።

«ይኼን ከየት አወቀው?» አሉ።

«ከእርስዎ ነዋ ጋሼ» አለቻቸው።

ቅዳሜ ልጅቷን ጠርቼ የሚመጣውን ሰኞ እቅድ እንድትመራው ጠየቅኋት።

«ለምን እኔ?»

«የማታውቂውን አላውቅም ስለምትዪ።»

ወዲያው እሺ አላለችም። ለሙከራ ለሁለት ዙር ብቻ እንደምትይዘው፣ ካልተመቻት እንደምትመልስልኝ ነገረችኝ። ሁለቱ ዙር አለፈ፣ አልመለሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እኔ አሁን ኮድ ነው የምጽፈው። እውነቱን ለመናገር ከመምራቱ ይልቅ ይኼኛው ይሆንልኛል።