አዋሳኝ የሌለው ስም

የምሠራው መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰው ወረቀት ሊያባዛ ይመጣና ስልኩንም ይዘረጋልኛል። «እስቲ ይቺን መልእክት ሳትጠፋ ያዥልኝ» ይላል። ይዤ ብቻ አልመልስለትም፣ አሳየዋለሁ። ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ እኩል ተጭኖ ቶሎ መልቀቅ ነው። አንዱ ከቀደመ ስልኩ ይዘጋል ወይ ድምፁ ይቀንሳል። ቁልፉ የተበላሸበት ከላይ ወደ ታች ስቦ ከሚመጡት ምልክቶች ስክሪን ሾት የሚለውን ይነካል። በሦስት ጣት ሲጠርጉት የሚያነሣ ስልክ አለ፣ በመዳፍ ጠርዝ ሲዳብሱት የሚያነሣም አለ። ይህ ሁሉ ያልሆነለት ሰው የጎረቤቱን ስልክ ተውሶ ስልኩን በስልክ ፎቶ ያነሣዋል። በእሱ ሰው ይስቅበታል። እኔ አልስቅበትም። ፎቶው ውስጥ የስልኩ ጠርዝም፣ የያዘው እጅም፣ ጠረጴዛውም ይገባል። ምንም አይቆረጥም።

«ብቻ አይቁረጡት» እላለሁ ስልኩን ስመልስ። ለምን እንደምል የሚጠይቀኝ የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። እኔና ጓደኛዬ አብረን ተመዘገብን። ከእሷ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ዩኒቨርሲቲም አንድ ዶርም ነበርን። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ገብቼ ዕቃ የምትጠይቅልኝ እሷ ነበረች። የቃል ፈተናው ዕለት እንኳ በሩ ድረስ እጄን ይዛ ወስዳኛለች።

ውጤቱ በቴሌግራም የወጣ ቀን ከመናኸሪያው በላይ ያለው ዳገት ላይ ነበርን። ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ነው። ዝርዝሩ ተከፈተ። አንደኛ የማናውቀው ሰው ነው፣ ሁለተኛ እኔ፣ ሦስተኛ እሷ። ሦስተኛ ማለት ተጠባባቂ ማለት ነው። ስለቸኮልሁ ሁለቱን ቁልፎች እኩል መጫን አቃተኝ፣ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጨለመ።

«አንቺ ደግሞ! ከአንቺ የኔ እናት ትሻላለች» አለችኝ። «እንዲህ ነው እቴ» ብላ በራሷ ስልክ ላይ ሦስት ጣቷን አሳረፈችና ጠረገችው። ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። በስተኋላ እኔም ተሳካልኝ። ስንወርድ፣ «አብሽሪ» አልኋት። «እኔ ምን ሆንሁ? አንቺ ገባሽ ማለት እኔ ገባሁ ማለት ነው» አለችኝና ትከሻዬን በትከሻዋ ገፋችኝ።

ማታ ለእህቴ ልልክላት ተነሣሁ። ታላቄ ናት፣ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ እንድማር ነው የሄደችው። ምስሉን ከፍቼ ሳየው ከስሜ ሥር የጓደኛዬ ስም ከነነጥቧ አለ። እህቴ ጓደኛዬን ታውቃታለች። የሰው መውደቅ በእኔ ደስታ ውስጥ እንዲታይ አልፈለግሁም፣ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ቆረጥሁት። ከታች ስሟን፣ ከላይም ያን የማላውቀውን ሰው። ራስጌው፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማህተሙ አብረው ሄዱ። አንዲት ቀጭን መስመር ቀረች፣ ስሜና ነጥቤ። አስቀምጥ የሚለውን ስነካ ቁራጩ በዋናው ቦታ ገባ፣ ሙሉው ጠፋ። ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። እህቴ በድምፅ እልል ብላ ላከችልኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዝርዝሩ ከቻናሉ ላይ ጠፋ። በምትኩ «የተስተካከለ» የሚል ወጣ። አንደኛው ሰው እንዳለ ነው። ሁለተኛ ጓደኛዬ፣ ሦስተኛ እኔ። ማን እንዳስተካከለው ዛሬም አላውቅም። እሷ ናት ብዬ ምዬ መናገር አልችልም።

ቅሬታ ለማቅረብ ብቻዬን ሄድሁ። ቅሬታ ተቀባዩ ሰውዬ ስልኬን ተቀብሎ ራቅ ቀረብ አድርጎ አየው።

«ይህ ምንድን ነው እህቴ?»

«የመጀመሪያው ውጤት ነው።»

«የማን ውጤት? ራስጌ የለው፣ ቀን የለው። እኔም አሁን ስሜን ጽፌ መቶ ከመቶ ልስጠው?» ጎኑ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቀች። እሱ ግን ሳይስቅ ስልኩን መለሰልኝ። «ሙሉውን ካመጣሽ ኮሚቴው ያየዋል። እስከ ዓርብ ነው።»

ማክሰኞ ነበር። አንድ የወግዲ ልጅ አብሮን ተፈትኖ ስለነበር ደወልሁለት። «ስሜን ከግርጌ ካየሁ በኋላ ለግድግዳ ልሰቅለው ነው የማነሣው?» አለኝ። ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረም። የቀረችው እሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ቤቷ ሄድሁ። ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። ገና ከመቀመጤ፣ «እኔም ገረመኝ እኮ» አለችኝ ሳልጠይቃት። ያን ቀን ያነሣሽውን ላኪልኝ አልኋት።

«ውይ፣ ወላሂ የለኝም! ስልኬ ሞልቶ አስቸገረኝና ፎርማት አስደረግሁት።»

«መቼ?»

«ትናንት። ምነው? አብሽሪ፣ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ።»

ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነበር። መልእክት ገባና በራ። ገጹ ላይ የምርቃታችን ቀን የተነሣነው ፎቶ አለ፣ ሁለታችን በጥቁር ጋዋን። ፎርማት የተደረገ ስልክ እንዴት ባዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። እሷም ማየቴን አየች። ስልኩን ገለበጠችው። እኔ ምን አልሁ? «እሺ» አልሁ። ይባስ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ወጣሁ። በዚያ «እሺ» ዛሬም ራሴን ይቅር አላልሁም።

አባቴ ገበሬ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ከዚያ ተነሥቶ የመሬት ደብተሩን ከሣጥን አወጣና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «አንብቢው» አለኝ። አነበብሁለት፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ።

«የኔ ስም ብቻውን ቢጻፍ መሬቱ የኔ ይሆን ነበር?»

«አይሆንም።»

«አዋሳኝ ነው የሚመሰክረው። ከአዋሳኜ ጋር ብጣላ እንኳ ስሙን ከደብተሬ አልፍቅም። አንቺ ይህን ሁሉ ተምረሽ፣ አዋሳኝሽን በገዛ እጅሽ ቆረጥሽ?»

ለእሷ ብዬ ነው የቆረጥሁት ልለው ፈለግሁ። ደብተሩን አጥፌ ወደ ሣጥኑ መለስሁት። ዓርብ አለፈ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ እየሠራች ነው። የመሥሪያ ቤቷን ወረቀት ልታባዛ እኔ ጋ ትመጣ ነበር። «እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? አብሽሪ» ትለኛለች። እኔም ወረቀቱን አስተካክዬ፣ ጠርዙን እኩል አድርጌ እሰጣታለሁ።

ባለፈው ወር እናቷ መጡ። ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዝታ አሮጌውን ለእሳቸው ሰጥታቸዋለች።

«ልጄ፣ ይህ ስልክ ሞላሁ ሞላሁ እያለ ከልጄ አላገናኝ አለኝ» አሉኝ። ወንድ ልጃቸው ሳዑዲ ነው። «የማይረባውን ሁሉ አጥፊልኝ።»

«ፎቶውንም እትዬ?»

«ለእኔ የሚሆነውን አዲሱ ላይ ገልብጫለሁ ብላኛለች። አጥፊው።»

ጋለሪውን ከፈትሁ። ከድሮው ጀምሬ ስገፋው የሠርግ ፎቶ፣ የልብስ ፎቶ፣ የምርቃታችን ፎቶ አለፈ። ከዚያ እሱ መጣ። ራስጌው፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሰማያዊው ማህተም። አንደኛ ያ ሰው፣ ሁለተኛ እኔ፣ ሦስተኛ እሷ። ጫፉ ላይ ያን ዕለት ዳገቱ ላይ የነበርንበት ሰዓት ሳይቀር አለ።

ወደ ስልኬ ልልከው ጣቴን አነሣሁ። ከዚያስ? የማን በር ላንኳኳ? ዓርብ ካለፈ ስንት ዓርብ ሆነው። ደግሞ ስልኩ የሰው ነው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ፀሐዩ ነው።»

ያሉኝን አደረግሁ። የሠርጉን፣ የልብሱን፣ የምርቃቱንም አንድ በአንድ አጠፋሁ። ያቺን ብቻ ተውኋት። ስልኩን ስሰጣቸው ከፍተው አዩ።

«ይቺስ? አንዲት ቀርታለች። ምንድን ናት?»

«የልጅዎ ናት። ሳይጠይቋት አያጥፏት።»

«እንዳንቺ ጠንቃቃ ልጅ የት ይገኛል!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ወረቀቷን የምታባዛው ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ቤት ነው።