ነጯ ጀሪካን

ሌንሴ አኩርፋኛለች። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ክፍል ከባሏ ጋር ተከራይታ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ገና ዳዴ ትላለች። ቅዳሜ ዕለት ባሏ ከገጠር ያመጣላትን ነጭ ጀሪካን ይዛ መጣች። የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው። በሳሙናና በአመድ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። የልጇን ወተት ልታደርግበት ፈልጋ፣ እኔ የወተት ዕቃ ማጠን እችልበታለሁና በወይራ እንዳጥንላት ለመነችኝ። ተቀበልኳትና ወደ ጓሮ ዞሬ፣ ምስማር አግዬ፣ ቂጡን ደጋግሜ በሳሁት።

«አዴ ዘሀራ፣ ደህናውን ዕቃ?» አለች ስታየው። ልጇን አዝላ ወጣች።

ይበልጥ የከፋት ዕቃ የማልጥል ሴት መሆኔን ስለምታውቅ ነው። ቆራሌው እንኳ የነቀምቴን ሰፈር ሁሉ በጩኸት ሲያዳርስ የእኔን በር ዝም ብሎ ያልፋል፤ ምን አገኛለሁ ብሎ! የዘይት ጀሪካን እኔ ቤት ከገባ ለሁለት ይቆረጣል። ታችኛው የቃሪያና የጎመን ችግኝ ማፍያ ነው። ላይኛው ከነእጀታው አግድም ይከፈልና ዱቄት መዛቂያ ይሆናል። የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ወግቼ ችግኝ አጠጣበታለሁ፤ በበጋ ደግሞ አንገቱን ወደታች አድርጌ ከፓፓያዋ ሥር ስቀብረው ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። ከሽንት ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለችው የእጅ መታጠቢያም የዘይት ዕቃ የነበረች ናት። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ቃሪያዬን ግን ይበሏታል።

አንድ ሕግ ብቻ አለኝ። ማንኛውንም ዕቃ ከማስገባቴ በፊት አሸተዋለሁ። የመድኃኒት ከሆነ፣ ወይም ምን እንደነበረበት ካላወቅሁ፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት በስቼ እቀብረዋለሁ። ምክንያቱን ለሌንሴ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጅ ሳይ ተውኩት።

እኛ ከወሎ ከነቀምቴ ወዲያ ወዳለው አንገር ጉቲን የመጣነው በደርግ ጊዜ፣ በሰፈራ ነው። ቆላ ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፣ ሰሊጡም ያምራል፤ ወባው ግን አያድርስ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን መኪና አይደርስም። ውሃ ከወንዝ በእንስራ ነበር የምንቀዳው፤ ዳገቱ ላይ ያዳለጣት ሴት እንስራዋን ሰብራ እያለቀሰች ትመለሳለች። ፕላስቲክ ያኔ ብርቅ ነበር። ጀሪካን ያላት ሴት ጀሪካን እንዳላት አገር ያውቅላታል።

አባቴ በአካባቢው በነበረ እርሻ የፀረ ተባይ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ጥጥ ይረጭ ነበር። የሥራ ልብሱን እናቴ ቤት አታስገባውም፤ ሽታው ራስ ያዞራል እያለች ውጭ አጥር ላይ ትሰቅለዋለች። የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃ ቅበሩ ቢባሉም ማን እንዲህ ያለ ዕቃ ይቀብራል? ሠራተኛው እየተሻማ ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ አብዛኛው ሰውም ላምባ ያደርግበታል።

ወንድሜ ይመር የተወለደው በመስከረም ነው። እናቴን ወዲያው ወባ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። የደረሱልን አዴ ዲንቄ ነበሩ፤ ከመንደራችን በላይ ተረተሩ ላይ የሚኖሩ፣ የአገሬው ሴት፤ አዴ በእነሱ ወግ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፣ እሳቸውም አማርኛ አያውቁም። እኔ ከልጆቻቸው ጋር እንጨት ስለቅም ለምጄዋለሁና በመካከላቸው ምላስ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥቼ «አካም ቡልተን?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም በቅል ወተት ይሰጡኛል። እናቴ ቅሉን ባዶውን መልሳ አታውቅም። የምትልከው ብታጣ ከታች አንድ እፍኝ በቆሎ ታደርግበታለች። ይመር በዚያ ወተት ፋፋ። ጉንጩ ሞላ፣ መሳቅም ጀመረ።

ከዚያ ቅሉ አርጅቶ አፉ ላይ ተሰነጠቀ። አባቴ ይህን ሲያይ አዲስ ነጭ ጀሪካን ይዞ መጣ። እናቴ በደስታ የምትሆነው ጠፋት። ለላምባ አይሆንም፣ ይህስ ለልጄ ነው አለች። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፦ በአሸዋና በጠጠር እያንገጫገጨች አጠበችው፣ በአመድ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ በግራዋ ቅጠል ፈተገችው፣ ፀሐይ ላይ አዋለችው። መጨረሻ ላይ ፍሙ እንዳያቀልጠው ከፍ አድርጋ ይዛ በወይራ አጠነችው። የእኛ ሴቶች የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነው፤ ጥሩ የሸተተ ዕቃ ንጹሕ ነው። ያን ቀን ጀሪካኑ ወይራ ወይራ ይል ነበር። እኔም አሽትቼው ደስ ብሎኛል።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ዲንቄ በእሱ ቀዱልኝ። ይመር ጠጣ። ረፋዱ ላይ ማስመለስ ጀመረው፣ ምራቁ አልቆም አለ፣ ትንፋሹ አጠረው። አባቴ አቅፎት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሮጥ መንገድ ላይ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ወሬ ተነሣ። ባላገሯ ዓይኗን ጥላበት ነው፣ ከማያውቁት ቤት ወተት ይመጣል ወይ ተባለ። ወሬው ተረተሩ ድረስ ሳይወጣ አልቀረም፤ አዴ ዲንቄ ከመንደሩ ዳር ካለው ዋርካ ደርሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ጥቂት ቆመው ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። እኔ ልጅም ብሆን ገብቶኛል፤ ያቺ ሴት በዚያ ስም ከታማች በመንደራችን ማለፍ አትችልም።

እንግዳው ቀለል ሲል እናቴ ዕቃውን ላስቀምጥ ብላ ጀሪካኑ ውስጥ የፈላ ውሃ ጨመረች። ወይራው ለቀቀና ከሥሩ ሌላ ሽታ ወጣ። ጠራችኝ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አሽቺው። ምን ምን ይላል?»

«የአባባን የሥራ ልብስ» አልኳት።

ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ ተነሣችና ሻሿን አጠበቀች፤ ጀሪካኑን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ዳገቱን ወጣን። መናገር አልነበረባትም ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ወሬውም ያረፈው በአዴ ዲንቄ ላይ ነበር።

አዴ ዲንቄ ከደጃቸው አልተነሡም። እናቴ ፊት ለፊታቸው ቆማ ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያት። ልጄን የገደለው ወተትሽ አይደለም፣ ዕቃዬ ነው በያት።»

ያን ቃል በኦሮምኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተናግሬአለሁ፣ እንደዚያ የከበደኝ ግን የለም። አዴ ዲንቄ ጀሪካኑን ተቀብለው አሸተቱ፤ እንደገና አሸተቱ። እናቴ እንዴት እንዳጠበችው፣ እንዴት እንዳጠነችው ጠየቁኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀና ብለው እናቴን አዩዋት።

«እኔም ብሆን አጥኜ እሞላበት ነበር፤ ንገሪያት፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገርኳት። እናቴ ልጇ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች። አዴ ዲንቄ አብረዋት አለቀሱ። ሲበርድላቸው ቢላዋ እሳት ውስጥ ከትተው አጋሉና የጀሪካኑን ቂጥ ደጋግመው በሱት፤ ሌላ እናት እንዳታነሣው አሉ። ከዚያ ተያይዘው ወረዱ። እናቴ ለቅሶ በተቀመጡት ሰዎች ፊት የሆነውን ራሷ ተናገረች፣ አዴ ዲንቄንም ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። አባቴ ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ምንም ይዞ ገብቶ አያውቅም፤ ይመር የሚለውን ስምም እስኪሞት አልጠራም።

ሁሉም አልፈዋል። የመንገዱ ጸጥታ ከከፋ ወዲህ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም፤ የዚያች ትንሽ መቃብር ድንጋይ ይኑር አይኑር የሚነግረኝ የለም። ጸጸት ያለው ሰው የተሻለ ነው እላለሁ አንዳንዴ፣ የሚጸጸትበት ጥፋት አለው። እናቴ ግን ያጠፋችው አልነበረም። ያላትን ፍቅር ሁሉ አሟጥጣ ነው ያንን ዕቃ ያጠበችው።

ዛሬ ጠዋት የራሴን ቅል አጥኜ፣ ወተት ሞልቼ፣ በአጥሩ ላይ ለሌንሴ አቀበልኳት። ተቀበለችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። አንድ ቀን እነግራታለሁ። እስከዚያው ታኩርፍ። ልጇ ይኸው ከአጥሩ ማዶ ስትስቅ እሰማታለሁ።