በእኔ ጣት የተጀመረ ጾም

ቅዳሜ፣ ከቦሌ ወደ ላሊበላ

ወደ ሰቆጣ የወጣሁት ለሥራ ነው። የአንዲት ስመ ጥር ሯጭ የማኅበራዊ ገጽ አዘጋጅ ነኝ፤ እሷ ትሮጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ዛሬም በምስጋና ነቃሁ» የምለው እኔ ነኝ፣ ለአድናቂዎቿ ልብ የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ ማንን ፎሎው እንደምታደርግ የምወስነውም እኔው ነኝ። እሷ ስልኳን የምታነሳው እናቷ ጋ ለመደወል ነው። ስሟን እዚህ አልጠቅሰውም፤ የዚህ ጽሑፍ ጥፋት የእሷ አይደለም።

የቫይታሚን ዱቄት የሚሸጠው ስፖንሰሯ «የጤናዋ ምንጭ» የሚል አጭር ፊልም ጠየቀ። ሩጫ የጀመረችበት ሜዳ፣ ተራራው፣ የሰቆጣ ነጭ ማር። ማሩን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ ደውለው አስጠንቅቀውኛል። የአውሮፕላን ቲኬቱን እነሱ ቻሉት፤ ከላሊበላ በኋላ ያለው መንገድ ግን በወገብ የሚከፈል ነው።

ቢልባላ፣ ከዚያ ጋዝጊብላ

ሚኒባሱ ላሊበላ ላይ ሞልቶ ተነሳ፣ ቢልባላ ላይ እንደገና ሞላ። ከታሪፉ እጥፍ ስንከፍል ያጉረመረመ ሰው አልነበረም፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ ራሱ እንደ ውለታ ይቆጠራል። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ደጋው ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ቁልቁለቱ ግን ከወዲሁ አቧራ ነው። ጋዝጊብላ ስንደርስ ገበያተኛው ፍየሉን እየነዳ መንገዱን ስለሞላው ሹፌሩ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ በመሃል በመሃሉ ሾለከ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ዘረጉልኝ።

«ያዢ ልጄ፣ ቆርጥሚ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አልበላም።»

«ጽጌን ይዘሽ ነው?» አሉኝ። በዚህ ወር በፈቃድ የሚጾመውን ጾም ማለታቸው ነው።

«አይ፣ ለመክሳት ነው።»

እናትየዋ ቆሎውን መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «እኛ አገር ለመክሳት ማንም አይደክምም፤ ዝናቡ ሲቀር ራሱ ይመጣል» አሉ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሰቆጣ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያረፍኩበት ቤት ውሃ በባልዲ ቀረበልኝ፤ ከላዬ የወረደው አቧራ ባልዲውን ሊሞላ ምንም አልቀረው። በማሽላ እንጀራ ሽሮ በላሁ፣ ሁለተኛም አስጨመርኩ። የእኔ ጾም ማታ ማታ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

እሑድ ከሰዓት፣ ሜዳው

አትሌቷን መጀመሪያ ያሠለጠኗት ጋሽ ካሱ ናቸው። ከስልሳ ያለፉ፣ ቱታቸው በፀሐይ ብዛት ቀለሙ የጠፋ፣ ፊሽካቸውን እንደ ማተብ ከአንገታቸው የማያወልቁ ሰው። ሜዳው ድንጋዩ ተለቅሞ ዳር ዳር የተከመረበት አቧራማ መሬት ነው። የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ሁለት ውሾች ጥላ ሥር ተኝተዋል። ካሜራዬን ደግኜ «ጋሽ ካሱ፣ የልጆቹ አመጋገብ እንዴት ነው?» አልኳቸው፤ ስፖንሰሩ የሚወደው ጥያቄ ስለሆነ።

«ያንን ያጥፉት እህቴ» አሉኝ። አጠፋሁት።

ስድስት ልጆች ያሠለጥናሉ። ከሁሉም የምትበልጠው እታገኝ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሴ ላይ የክለብ ምልመላ አለ፤ እሷ ታልፋለች ብለው ጋሽ ካሱ ለሰው ሁሉ ነግረው ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሜዳ ላይ ወደቀች። ራጅ ስትነሳ የቅልጥም አጥንቷ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ምን እንደምትበላ ሲጠይቃት ነው ነገሩ የወጣው። ከሐምሌ ጀምሮ በቀን አንዴ ነው የምትበላው። አምስቱም እንደሷ።

«እርስዎ አላወቁም?»

«ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ነው የሚጾሙት አልኩ። ጥቅምት ላይ ጽጌን ይዘዋል አልኩ፤ እንዲያውም ጸሎተኛ ሆኑልኝ ብዬ ደስ አለኝ። መሃል ላይ ያለውን መስከረምን እንዴት እንደዘለልኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም።»

ከቱታቸው ኪስ አንድ ደብተር አወጡና ሰጡኝ። «ከሷ ገጽ ላይ ነው የቀዱት። አሥር ጊዜ ጽፈው ቢጠይቋት አልመለሰችላቸውም። ስለዚህ ማንን እንደምትከተል አዩ።»

ደብተሩን ገለጥኩት። በጥንቃቄ በተሳሉ የፈረንጅ ፊደላት ሃያ ሰባት ስም ተደርድሯል። ከየስሙ ፊት ለፊት ስልካቸው የተረጎመላቸው ትእዛዝ በአማርኛ ሰፍሯል። «ቁርስ ልማድ እንጂ ምግብ አይደለም።» «እህል መርዝ ነው።» «ረሃብ ሲሰማሽ ውሃ ጠጪ፤ ያልፋል።» አሥራ አንደኛዋን ደግሜ አነበብኳት። ሴትየዋ የወለዱ እናቶችን ቦርጭ የምታጠፋ አሰልጣኝ ናት።

እያንዳንዷን አውቃታለሁ። የመረጥኳቸው ለአትሌቷ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ቢሮ ምሳዬን በልቼ ቀበቶዬ ሲጠብቀኝ እነዚህን ስፈልግ፣ በስልኬ ላይ ክፍት የነበረው የአትሌቷ ገጽ ነው። ወደ ራሴ ገጽ ለመቀየር ሰነፍኩ። ስፖንሰሩም «ጤናማ አኗኗር የምትወድ መምሰሏ ጥሩ ነው» ብሎ ስላመሰገነኝ ተውኩት። አትሌቷ ማለዳ በሶዋን በጥብጣ፣ ከልምምድ መልስ ገንፎዋን ጠርጋ የምትበላ ልጅ ናት። የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈረስኩት ቦርጬ እንኳን ሳይቀንስ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ደብተሩን መለስኩላቸውና «ያሳዝናል» አልኩ። ፈሪ ነኝ። ማታ እንጀራው ሲቀርብልኝ ግማሹን መለስኩ።

ሰኞ ማለዳ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምስቱ ልጆች ሜዳውን ይዞራሉ፣ ውሾቹም ይከተሏቸዋል። እታገኝ እግሯ ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰዓት ትይዝላቸዋለች። ጋሽ ካሱን ወደ ዳር ወሰድኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ፊሽካቸውን ብቻ ደጋግመው በቱታቸው ጠረጉ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለነሱ ይንገሩልኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ያ ዝርዝር የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው አልኩ። እሷ በሶ ትጠጣለች፣ ገንፎ ትበላለች፣ እነዚያን ሰዎች በስም እንኳን አታውቃቸውም አልኩ። ልጆቹ እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ተነጋገሩ። ከዚያ እታገኝ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«እትዬ፣ አያቴ ወጌሻ ነው። ይህን እግሬን ያሰረልኝ እሱ ነው። የሚቀባውን ሥር ለአባቴም ነግሮት አያውቅም፤ መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል። አባቴ እንዴት አወቀ? ከኋላ ከኋላው ሄዶ የት እንደሚቆፍር አየ። አዋቂ ሰው አይናገርም፤ የሚሄድበትን ማየት ነው።»

«እታገኝ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ለራሴ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ስታሰላ ነው። «ለራስዎ ከሆነ ለምን አልከሱም?»

አንዷ ልጅ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሃያ ሰባቱን ሰዎች አየኋቸው እንጂ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልታዘዝኳቸውም፤ የታዘዙት እነዚህ ልጆች ናቸው።

እዚያው ቆሜ አትሌቷ ጋ ደወልኩ። ደነገጠች። «ለምን በሶ አይጠጡም?» አለች መጀመሪያ፤ ከልቧ ነው። «አንቺው በድምፅሽ ንገሪያቸው፣ ስልኩን ልስጣቸው» አልኳት። ስለ አመጋገቧ እንዳትናገር ከስፖንሰሩ ጋር የፈረመችው ውል ትዝ አላት መሰለኝ። «ማናጀሬን ጠይቄ አሁን እደውላለሁ» አለችና ዘጋች። ልጆቹ ከበውኝ ጠበቁ፣ ፀሐይዋ ተራራውን አልፋ ወጣች፣ ስልኩ አልጮኸም። ጋሽ ካሱ ፊሽካ ነፉና በተኗቸው።

ስሰናበት እታገኝ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «አንቀየምዎትም። እንዳይናገሩ ታዝዘው ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መልስ

የመጣሁበትን አቧራ መልሼ ዋጥኩ። ከአንድ ገበሬ የገዛሁት ነጭ ማር ጭኔ ላይ ነበር። ጋዝጊብላ ላይ ቆሎ ገዝቼ እስከ ላሊበላ ቆረጠምኩ። ፊልሙን አልሠራሁም፤ ስፖንሰሩ እንዳትረሺ ያለኝን ማር ብቻ ላክሁለት።

ቤቴ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ገጹን ከፈትኩና ሃያ ሰባቱንም አንድ በአንድ አጠፋሁ። ጉዞው ያስተማረኝን ያወቅሁ መሰለኝ። እኛ እንደ ቀልድ የምንነካው ነገር ሩቅ አገር ሄዶ ሕግ ይሆናል፤ ስለዚህ ያበላሸ ያንሳው ብዬ አነሳሁት። ያን ሌሊት ደህና ተኛሁ።

በሳምንቱ ጋሽ ካሱ ደወሉ።

«እህቴ፣ ዝርዝሩን አጥፍተውት ነው?»

«አዎ ጋሽ ካሱ፣ ሁሉንም።»

«ልጆቹ ባዶ መሆኑን አይተዋል። ‹ስለ ደብተሩ እትዬ ሄደው ነገሯት፣ እሷም ዝርዝሩን ደበቀችብን። እውነት ባይሆን ምን አስደበቃት?› ይላሉ። እታገኝ ደብተሩን ከኔ ወስዳ ለአምስቱም ገልብጣላቸዋለች።»

«ታዲያ አሁን አይበሉም?»

«ቁጭ ብዬ አያለሁ ብዬ ምሳቸውን እዚህ እንዲያመጡ አዝዣለሁ። ያመጣሉ፤ ዞር ስል ሳህኑ ባዶ ነው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ውሾቹ ግን ወፍረዋል።»